ለሰዓዳ የመሰከርንበት ሰኞ

ከሱቄ በር ጀርባ፣ አሮጌ የባጃጅ ጎማዎች በተደረደሩበት ጥግ፣ ጫፉ የተቆለመመ አንድ የቡና እንጨት ቆሟል። ደንበኞቼ ሌባ ማባረሪያ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም። ትናንት ቅዳሜ ግን ልጄ ሶልያና ከወላጆች ስብሰባ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳታናግረኝ መጥታ፣ ሱቅ እንደገባን እንጨቱን ከጥጉ አነሳችና "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። አጠያየቋ የእንጨቱን ነገር ለማወቅ አልነበረም፤ የምትይዘው ነገር ፈልጋ ነው። አኩርፋኛለች፤ ደግሞም እውነት አላት።

በልጄ ትምህርት ቤት የሆኪ ቡድን አለ። የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በእሳት አለስልሰው በቆለመሙት ዱላ ነው የሚጫወቱት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከልጆቹ ቀድሞ ሜዳ እየደረሰ ያሰለጠናቸው ኢብሳ የሚባል የአስራ ዘጠኝ ዓመት ተለማማጅ ነው። ትናንት የምስጋና ወረቀት ሲታደል ዋናው አሰልጣኝ ወሰደ፣ ርዕሰ መምህሩ ወሰደ፣ የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊ በመሆኔ እኔም ወሰድኩ፤ ዱላዎቹ የት እንደሚቀመጡ እንኳ የማላውቀው እኔ። የኢብሳ ስም አልተጠራም። ልጁ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ያጨበጭብልን ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። ሶልያና ብቻ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ አየችኝ።

"አባ፣ ኮሚቴ ነህ አይደል? ለምን ዝም አልክ?" አለችኝ እንጨቱን እንደያዘች።

"ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት፤ አፈርኩም። እጇ ላይ ያለው እንጨት ከማን እጅ እንደወጣ ብታውቅ ኖሮ ከዚህም የባሰ ታፍርብኝ ነበር። ስለዚህ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምጽፈው፤ በተለይ የዚያን ዘመን የጅማ ልጆች ለሆናችሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነበር። ያኔ ባጃጅ ጅማን አልረገጣትም፤ ወይ በጋሪ ነው ወይ በእግር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከቡና መቀሸሪያው የሚወጣው የገለባ ብናኝ ጸጉራችን ላይ፣ ደብተራችን ላይ፣ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፍ ነበር። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅና ከቡና መጋዘን የመጣ ሠራተኛ ሽታቸው አንድ ነው። እናቶች በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር የገለባ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬ ሩጥ ሩጥ ይለዋል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ግማሹ ሣር ግማሹ ጭቃ የሆነ ሜዳ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ገና የምንጫወተው እዚያ ነው። ገና ስል ጨዋታውን ነው፤ ሩር የምንላትን ከእንጨት የተጠረበች ኳስ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከተቃራኒው ቡድን መስመር ማሳለፍ። ኦሮሞዎቹ ልጆች ቂሌ ይሉታል፤ እኛም እንደ አፋችን አንዴ ገና አንዴ ቂሌ እንል ነበር። በስም የተጣላ ልጅ አላስታውስም። በቅልጥም ግን በየቀኑ ተጣልተናል፤ የዚያን ጊዜ የእግሬ ጠባሳ አሁንም አለ።

የስፖርት መምህራችን መምህር ግርማ ጥሩ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምለው በኋላ የምናገርባቸው ነገር ስላለኝ ነው። የትምህርት ቤቱን የገና ቡድን አሰልጥኑ ተብለው ነበርና ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ሜዳ ይወርዳሉ፤ ወርደውም ከባሕር ዛፉ ሥር ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። "ሩጡ እስቲ" ይሉናል። እንሮጣለን። "በቃ" ይሉናል። እናበቃለን። ስልጠናው ይኸው ነበር፣ ሰዓዳ እስክትመጣ ድረስ።

ሰዓዳ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከጅማ አቅራቢያ ከሰቃ መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖር፣ አስረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት፣ ከመጋዘኑ ሴቶች ጋር ቡና የምትለቅም ልጅ። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ከቀሚሷ ሥር የስፖርት ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር ኮንጎ ጫማ። አንድ ቀን ከለቀማ ወጥታ ስንጫወት ቆማ አየችን። ብዙ አየችን። ከዚያ የጓደኛዬን የከድርን ዱላ ከእጁ ወሰደችና ሩሯን አንድ ጊዜ መታቻት። ሩሯ ሣሩን እየላሰች ሄዳ መምህር ግርማ ጋዜጣ ላይ አረፈች። መምህሩ ቀና ብለው አዩ፤ አወቋት፤ የራሳቸው ተማሪ ነበረች። "ነገም ነይ" አሏት። በሳምንቱ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቷ ላይ አጠለቁላትና "ተለማማጅ አሰልጣኝ ናት" ብለው አስተዋወቁን። እሳቸውም ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አላለንም። ሴት ልጅ ለዚያውም ሻሽ ያሰረች ገና ታሰለጥነናለች ሲባል የሌላ ሰፈር ልጆች ሳቁብን። የሰፈሩ ክርስቲያኖች "የገናን ነገር እሷ ምን ታውቃለች" አሉ፤ አንዳንድ ሙስሊሞች ደግሞ "የገና ነገር ምን ሊያደርግላት" አሉ። ሰዓዳ ለሁለቱም አንድ መልስ ነበራት። "አያቴ ሰቃ ውስጥ ቂሌ ሲጫወት ጥርሱ የወለቀ ሰው ነው። ጥርሱን መልሱለትና እተዋለሁ።" ይህን ስትል አትስቅም፤ እኛ ነን የምንስቀው።

ዱላዎቻችንን ያመጣችውም እሷ ናት። በሰቃ የአያቷ ቡና አርጅቶ ሲጎነደል፣ ማለትም አሮጌው ግንድ ተቆርጦ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ሲደረግ፣ ከጉቶው ጋር የተያያዘው የእንጨቱ ጫፍ ራሱ ቆልማማ ነው። ያንን መርጣ፣ አስራ አንድ እንጨት በገመድ አስራ፣ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጣ መጣች። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብራ አለሰለሰችና በጉልበቷ እየተጫነች አስተካከለቻቸው። የተለበለበ የቡና እንጨት ሽታ እንደ ቡናው አይደለም፤ መረር ይላል። ለእያንዳንዳችን በቁመታችን ለክታ ሰጠችን፤ ሶልያና ያነሳችው የኔው ነው። ያኔ ነው ልባችን ለሷ የሆነው።

የምታስተምረውን ከቡና ለቀማ ነበር የወሰደችው። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከክምሩ የምትለይ ሴት አንዷ ፍሬ ላይ ካፈጠጠች ቀኑን ሙሉ አንድ ኪሎ አትለቅምም። ዓይኗን በጠቅላላው ላይ ጣል ታደርጋለች፤ መጥፎው ራሱ ብቅ ይላል። እኛ ሁላችን ሩሯ ላይ አፍጥጠን፣ አጎንብሰን፣ እንደ ንብ አንድ ቦታ ተከማችተን ነበር የምንጫወተው። እሷ ፊሽካዋን ትነፋና "ኦል ኢላሊ" ትለናለች፤ በኦሮምኛ ቀና ብለህ እይ ማለቷ ነው። "ሩሯን ተዋት፣ እሷ የትም አትሄድም። ሰውየው ወዴት ሊመታ እንደሆነ ትከሻውን እይ። ኦል ኢላሊ፣ ጉርባ፣ አንተ ልጅ።" እኔ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት የማይ፣ ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። እኔ ላይ ከሁሉም አብልጣ ትጮህብኝ ነበር።

አባቴ የሰማ ዕለት ዱላዬን ወሰደው። አባቴ የጅማው መርካቶ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ተወልዶ ያደገው ጎጃም ነው፤ በወጣትነቱ ገና ተጫውቷል፤ ሲፎክርበትም የሚያህለው የለም። "በእኛ አገር ገና የወንድ ነው። ሴት አታሰለጥንም" አለና ዱላውን ከሲንጀሩ ሥር ደበቀው። እኔም እልህ ያዘኝ። በማግስቱ ጃንጥላውን ሰርቄ፣ ጨርቁን በገመድ ጠፍሬ፣ በእጀታው ልጫወት ሜዳ ወረድኩ። የመጀመሪያዋን ምት ስመታ እጀታው ተገንጥሎ ከሩሯ ቀድሞ ሄደ። ዝናብ በማያጣት ጅማ የጃንጥላ ነገር ቀልድ አይደለም። አባቴ አልመታኝም፤ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቡ አስቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር እንዳስገባ ሲያደርገኝ ከረመ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሰዓዳ ራሷ በረንዳው ድረስ መጣች። ከቡና እንጨት ጠርባ፣ አለስልሳ የሠራችው የጃንጥላ እጀታ በእጇ ይዛ ነበር። "ጋሼ፣ ጃንጥላው የተሰበረው በኔ ነው" አለችውና እጀታውን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አባቴ ብዙ ጊዜ እያገላበጠ አየው። በጥፍሩ ጫረው። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጃንጥላው አዲስ እጀታ ነበረው፤ ዱላዬም በሩ ላይ ተደግፎ ነበር።

ያን ዓመት በገና ሰሞን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ትምህርት ቤቶች መካከል ውድድር ተዘጋጀ። ለእኛ ዋንጫ ነው። ለሰዓዳ ግን ከዋንጫ የበለጠ ነበር። የወጣት አሰልጣኞች ስልጠና ሊጀመር ነው፤ ለመግባት ልጆች ማሰልጠኗን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ምዝገባው የሚዘጋው ከውድድሩ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። አክስቷ በበኩሏ ፓስፖርት አስወጥታላት፣ ወደ አረብ አገር የምትልካት ሴትዮ አግኝታ ነበር። ይህን የነገረን ከድር ነው፤ እናቱ እትዬ ረውዳ ከሰዓዳ ጋር አንድ ክምር ላይ ነው የምትለቅመው። ስለዚህ አስራ አንዳችንም እናውቅ ነበር። ወረቀቱ ከተገኘ ሰዓዳ አሰልጣኝ ትሆናለች፤ ካልተገኘ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሰቃን ልጆች አሸነፍን፤ ሰዓዳ "ለአያቴ አትንገሩ" አለችን። ከሰዓት ለዋንጫ ከአጋሮ ልጆች ጋር ደረሰን። የአጋሮ ልጆች ከእኛ ይገዝፋሉ፣ ሲመቱም ያስፈራሉ። ግን ድሮ እንደ እኛ ሩሯ ላይ ነበር የሚያፈጥጡት። ሊያልቅ ሲል ሩሯ ከእነሱ ወደ እኔ መጣች። ጭንቅላቴ ውስጥ ፊሽካ የሰማሁ መሰለኝ። ቀና አልኩ። በቀኝ በኩል ከድር ብቻውን ቆሟል፤ ከአጋሮ ልጆች አንዱም አላየውም። ሰጠሁት፤ አሳለፋት። አባቴ "በዚያ ሳልፍ ነው" ብሎ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት፤ ጃንጥላውን በአየር ላይ ሲያወዛውዝ።

ከዚያ ሽልማት ሆነ። የውድድሩ ኃላፊ በድምፅ ማጉያ የአሰልጣኝ የምስክር ወረቀት ብለው ጠሩ፤ የተጠራው ስም የመምህር ግርማ ነው። የሚሞላው ቅጽ ላይ የአሰልጣኝ መስመሩ አንድ ነበርና መምህሩ የራሳቸውን ስም ጽፈው ልከዋል። በክፋት አይመስለኝም፤ የሰዓዳ ስም እዚያ መጻፍ እንደሚችል ጨርሶ አልመጣላቸውም። እሷን አየኋት። ፊሽካውን በሁለት ጣቷ ይዛ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሰዓዳ፣ መሬት መሬት።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ላስታውሳችሁ። አባቴ እንደሚነግረኝ በአገሩ የገና ዕለት ጭሰኛው ባለርስቱ ላይ የፈለገውን ግጥም ያወርዳል፤ ባለርስቱም ሆዱ እየቆሰለ ይስቃታል። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ይህን ለቡድኑ ልጆች አውርቼላቸው ነበር። ከድር ወደ እኔ ዞረና "ዛሬ ይቻላል አይደል?" አለኝ። "ይቻላል" አልኩት። እሱ ድምፅ አለው። ዱላውን መሬት ላይ እየመታ አወረደው፤

"ቲቸር ከዛፉ ሥር ይዘው ጋዜጣ፣
እስቲ ይንገሩና ዋንጫው በማን መጣ?"

"በሰዓዳ" አልን አስራ አንዳችንም። ሕዝቡ ሳቀ። ከድር ደገመ፤ አሁን የመጋዘኑ ሴቶችም "በሰዓዳ" አሉ። ሁለተኛውን ግጥም እኔ ነበርኩ ያወረድኩት፣ ያ ድምፁ የማይሰማው ልጅ፤

"ፊሽካው ለሰዓዳ፣ ወረቀቱ ለእርስዎ፣
አይጎረብጥም ወይ ሲተኙ አልጋዎ?"

ከሕዝቡ መሐል የአባቴን ድምፅ ለየሁት። "በሰዓዳ" አለ፤ ግጥሙ እንኳ "በማን" ብሎ አልጠየቀም ነበር። መምህር ግርማ ቲማቲም መሰሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ላይ እንባ ነበረው። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው የራሳቸውን ስም ሰረዙ፣ ከላዩ የሰዓዳን ስም ከነአባቷ ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙና ሰጧት። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ጅማ የእኛ ነበረች።

ሰኞ ከትምህርት መልስ ሜዳ ስንወርድ ሰዓዳ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣለች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው። ጠዋት ምዝገባ ሄዳ ነበር፤ የመዝገብ ክፍሏ ሴት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና "ስርዝ ድልዝ አለው፣ አይሠራም" ብላ መለሰችላት። መምህሩ በቅን ልብ፣ በአደባባይ፣ በእጃቸው ያበላሹት ወረቀት። ማኅተም ያደረገው ቢሮ ኃላፊ ደግሞ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፤ የሚመለሱት ሐሙስ ነው። መምህር ግርማ ራሳቸውን ይዘው "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይላሉ። ሴትዮዋ አንድ መንገድ ትታላታለች፤ ሰዓዳ ልጆቻቸውን ወይም ተማሪዎቻቸውን እንዳሰለጠነች የሚመሰክሩ፣ መታወቂያ የያዙ ሦስት ሰዎች እስከ አስራ አንድ ሰዓት ይምጡ። መምህሩ አንድ። እትዬ ረውዳ ሁለት። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ቡና ግዢ ገጠር ወጥተዋል፤ እናቶቻቸው መታወቂያ የላቸውም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

"ተዉት" አለች ሰዓዳ። "የሱ አባት አይመጣም። እኔ አልለምንም።"

እኔ እስከ መርካቶ ሮጥኩ። አባቴ የአንድ ነጋዴ ሱሪ እየሰፋ ነበር፤ ነጋዴው ሽርጥ አገልድሞ አጠገቡ ቆሟል። ቃል በቃል ነገርኩት። አባቴ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ሰማኝ።

"እኔ ምን ብዬ ነው መንግሥት ቢሮ የምመሰክረው? ልጄን ሴት አሰለጠነችልኝ ልበል?"

"ቅዳሜ ብለዋል አባባ። በሰዓዳ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"እሱ ገና ሜዳ ላይ ነው። ጨዋታ ነው።"

"ውሸት ነበር እንዴ?"

"ውሸትማ አይደለም።"

"ውሸት ካልሆነ ዛሬ ቢባል ምን አለበት? ሰኞ ስለሆነ ነው?"

ዞር በል አለኝ፤ ብርሃን ከልዬበት ነበር። እምቢ አልኩ። ዓይኑን እያየሁ እምቢ አልኩ። ከዚያ በፊት አባቴን ያን ያህል ጊዜ ዓይን ለዓይን አይቼው አላውቅም፤ ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ሲንጀሩ ቆመ። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰቀለና ጃንጥላውን አነሳ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ ሱሪዬስ?" አለ ነጋዴው።

"አንዱ እግር አልቋል" አለ አባቴ። "ሌላውን ስመለስ።"

ቢሮው ስንደርስ አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። መምህር ግርማ መስክረው ነበር። እትዬ ረውዳ ልትፈርም ነበር፤ "ወላሂ፣ ልጄ ጭቃ ይዞ መምጣቱን ትቶ ዋንጫ ይዞ መምጣት የጀመረው በእሷ ነው" ትላለች። የመዝገብ ክፍሏ ሴት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ አባቴን አየችው።

"ልጅቷን በምን ያውቋታል?"

"ጃንጥላዬን ያሰበረችብኝ እሷ ናት" አለ አባቴ። "የጠገነችውም እሷ ናት።" እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ስለ ስልጠናው ነው የጠየቅሁዎት።"

"እሱን ነው የምነግርዎት። ይህ ልጄ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነበር። እኔ ስቆጣው ይብስበታል። ዛሬ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆሞ እምቢ አለኝ። ማን አስተማረው ካሉኝ እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።" እጀታውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "ደግሞ እኔ ሴት ልጅ ገና አታሰለጥንም ያልኩ ሰው ነኝ። እሱንም ይጻፉት።"

"እሱ አይጻፍም" አለች ሴትዮዋ።

"እንግዲያው የመጀመሪያውን ይጻፉ" አለና እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ። አባቴ ሲፈርም ጨርቅ ላይ ቅድ እንደሚያሰምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰዓቱ እየሄደ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅነው። ሰዓዳ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። አለቀሰች ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አባቴን አየችውና "ገለቶሚ፣ ጋሼ" ብላ አመሰገነችው። አባቴም "ቅዳሜ ሜዳ ላይ ያልኩትን ነው ያልኩት" አላትና ወደ ግማሽ ሱሪው ተመለሰ።

ሰዓዳ ስልጠናው ውስጥ ገባች፣ ጨረሰችም። አሁን አጋሮ ውስጥ ልጆችን ብቻ ሳይሆን አሰልጣኞችን ታሰለጥናለች። በየገናው ትደውልልኛለች፤ ከሰላምታው በፊት "ኦል ኢላሊ" ነው የምትለኝ። አባቴ ከሞተ አምስት ዓመት አለፈው፤ የጃንጥላው ጨርቅ ካለቀ ቆይቷል፣ እጀታው ግን ቤቴ አለ። ሜዳው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። መቀሸሪያው ከከተማ ወጥቷል፤ ጸጉራችን ንጹሕ ነው።

ያን ዘመን አላስውበውም፤ ያኔም ስም ይዘለል ነበር፣ አሁንም ይዘለላል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያኔ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከቅዳሜው ይልቅ ሰኞ እንደሚከብድ አውቄ አድርጌዋለሁ። አሁን ጢም አውጥቼ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ የኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ፣ ሁላችንም በየሻይ ቤቱ እየቀለድን የምንናገረውን እውነት ስብሰባ ላይ እንውጠዋለን። በቀልድ ሲሆን ጀግኖች ነን። ትናንት ማታ ሶልያና ይህን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ታዲያ አንተ የተማርከውን የት ጣልከው?" ጥያቄዋን ይዤ አደርኩ። መልሴ ይኸውና።

የምስጋና ወረቀቴን ከባንኮኒው አንስቼ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስሜን ሰርዤ የኢብሳን አልጻፍኩበትም፤ ያን ስህተት አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወስጄ እመልሰዋለሁ፤ በኢብሳ ስም የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ሌላ ወረቀት እስካላገኘሁ ከዚያ አልወጣም። ቢቆጡ ይቆጡ። ነገ ገና አይደለም፣ ሰኞ ነው፤ የመቆጣት መብት አላቸው፣ እኔም የመቀመጥ።

በሱቁ በር ላይ "እስከ ስድስት ሰዓት ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ሶልያና ቀና ብላ አነበበችውና ከትናንት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ዱላ ወደ ጥጉ መለሰች። ኩርፊያዋ ግን አላለቀም፤ ነገ ስመለስ እናያለን ብላኛለች።